አሮጌ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችን የሚያድስ የተማሪዎች ክበብ የትኛውን ሊኑክስ ይምረጥ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ፣ ሠላሳ የሚያህሉ ኮምፒውተሮች ተከምረው አገኘን። የአይሲቲ ክበቡ ልጆች አቧራቸውን ጠርገው፣ ከአንዱ ነቅለው ለሌላው እየገጠሙ ሃያ ያህሉን አስነሡ። «የትኛውን እንጫን?» ብለው ሲጠይቁኝ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣና የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም) ዓይነቶች ሁሉ አወዳድሬ ከሁሉ የቀለለውን መረጥሁላቸው። ማሽኖቹ እንደ አዲስ ሮጡ። በሰኔ ግን ሥርዓቱን ጠንቅቆ ያውቅ የነበረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናውን ወስዶ ተሰናበተ። በኅዳር ስመለስ የሚሠሩት ሰባት ብቻ ነበሩ። የተቃጠለ ዕቃ አልነበረም። የአንዱ የይለፍ ቃል ተረስቷል፤ ከሌላው ላይ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ጠፍቶ መልሶ የሚያመጣው ሰው ታጥቷል፤ የቀሩት «እንዳናበላሻቸው» ተብሎ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥርዓተ ክወና የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የጫኑት ልጆች ከተመረቁ በኋላ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር እያነበበ እንደገና ሊጭነው ይችላል? ፍጥነቱንና ውበቱን የማየው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ደኅና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ከየመሥሪያ ቤቱ ተራ ይወጣሉ። በሌላ በኩል የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ መጀመሪያ የሚነካው በፈተናው ዕለት የሆነ ልጅ፣ ትምህርቱን የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። መጋዘን ውስጥ የተቆለፈ ኮምፒውተር ሳይ የሚቆጨኝ ስለዚህ ነው።

ከምርጫው በፊት ማሽኑን ማወቅ

ሥርዓቱን ከመምረጣችሁ በፊት ማሽኖቹን በሦስት ክምር ለዩ። አንደኛው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው ነው። ሁለተኛው 64 ቢት ሆኖ 2 ጊጋባይት ያለው ነው። ሦስተኛው ባለ 32 ቢት የሆነው ወይም 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ራም ያለው ነው። ኮር ቱ ዱዎ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሁሉ 64 ቢት ነው። ፔንቲየም 4 ከሆነ ግን ሁለቱም ዓይነት ስላለ ሞክሮ ማየት ይሻላል። ባለ 64 ቢቱን ሊኑክስ ከፍላሽ ለማስነሣት ሞክሩ፤ ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ከሆነ ገና ሲጀምር አልችልም ብሎ በግልጽ ይጽፍላችኋል።

ከዚያ ራም ማሰባሰብ ነው። ከሁሉ የምመክረው ሥራ ይህ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ለውጡም ወዲያው ይታያል። ሁለት ባለ 1 ጊጋባይት ማሽኖች ሁለት የሚያንቀላፉ ማሽኖች ናቸው፤ የአንዱን ራም ለሌላው ብትሰጡ ግን አንድ የሚሠራ ኮምፒውተርና አንድ የመለዋወጫ ሣጥን ይኖራችኋል። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች እንደማይገጣጠሙ፣ የመሰኪያቸው ጎድጓዳ ቦታም የተለያየ እንደሆነ ለልጆቹ አሳዩአቸው። በጉልበት የተገፋ ራም ማዘርቦርዱን ይዞ ይሞታል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ጉዳይ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ 2032 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ክብ ባትሪ ይገኛል። እሱ ሲሞት ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተለየ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት ብራውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ አልቀበልም ይላል፤ ሰዉ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ብሎ ሥርዓቱን እንደገና ይጭናል። እኛም ሁለት ቀን ያባከንነው በዚሁ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮችም ተመልከቱ፤ ጫፋቸው ያበጠ ወይም የፈሰሰ ከሆነ ያ ማሽን ለመለዋወጫ ይሁን። ፓወር ሰፕላይንና አሮጌውን ባለ ሆድ ሞኒተር ግን ተማሪ ፈጽሞ አይክፈት። ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ።

ኮምፒውተሩ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ከሆነ ዲስኩ ውስጥ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ የሰው ፎቶግራፍ ሊኖር ይችላል። ፎርማት ማድረግ ብቻውን አያጠፋውም። ሙሉው ዲስክ ላይ ዜሮ የሚጽፍ ፕሮግራም በሊኑክስ ፍላሾች ውስጥ በነፃ ይገኛል። ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅም ይሠራ። ልጆች ሙያውን ሲማሩ የሰውን ምሥጢር መጠበቅንም አብረው ይማሩ።

4 ጊጋባይት ላለው፦ ሊኑክስ ሚንት

እዚህ ብዙ አላመነታም። ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነቱ ለአብዛኛው ትምህርት ቤት ተመራጭ ነው። ገጽታው ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ዝርዝሩ ከታች በስተግራ ነው፣ ሰዓቱ በስተቀኝ ነው። የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስና ብራውዘሩ ፋየርፎክስ አብረውት ይመጣሉ። የ22ኛው ትውልድ ድጋፍ እስከ 2021 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ሊመረቅ እስኪቃረብ ድረስ ማለት ነው።

ሚንትን የምወድበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ታይምሺፍት የሚባል መሣሪያ አለው፤ የሥርዓቱን ሁኔታ ቀርጾ ያስቀምጥና አንድ ነገር ሲበላሽ ወደ ትናንት ይመልሰዋል። ይህን የመሰለ መመለሻ ያለው ክበብ ልጆቹን «አትንኩ» ብሎ አይከለክልም። ደግሞም ሲጫን የአምራች ዓይነት አጫጫን የሚባል ምርጫ ስላለው፣ ክበቡ ማሽኑን አዘጋጅቶ የተጠቃሚውን ስም ሳይሞላ ለሌላ ትምህርት ቤት ሊያስረክብ ይችላል።

ጉድለቱስ? ምንም ሳይከፈትበት 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ራም ይይዛል። በባለ 2 ጊጋባይት ማሽን ላይ ይነሣል፣ ግን ሁለት ድረ ገጽ ሲከፈት ዲስኩ መንቋቋት ይጀምራል።

2 ጊጋባይት ላለው፦ ዴቢያን ወይስ ሉቡንቱ?

ብዙ ሰው ሉቡንቱን ይመክራል። መጥፎ ምክር አይደለም፤ ኤልኤክስኪውቲ የሚባለው ገጽታው ቀላልና ንጹሕ ነው፣ አጫጫኑም ጥቂት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ሆኖም ሁለት ነገር ያሳስበኛል። የረጅም ጊዜ ድጋፍ የተባለው እትሙ የሚደገፈው ሦስት ዓመት ነው፤ የተሠራበት ዋናው ኡቡንቱ ግን አምስት ዓመት ይደገፋል። ፋየርፎክስን የሚያቀርበው ደግሞ ስናፕ በሚባለው ጥቅል ነው፤ ይህ ጥቅል በአሮጌ ተሽከርካሪ ዲስክ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ትዕግሥት ይፈታተናል። አርባ ደቂቃ ብቻ ባለው ክፍለ ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ ወደ ዴቢያን አዘነብላለሁ። የመጀመሪያውን የዲቪዲ ቅጂ አንድ ጊዜ በጥሩ ኢንተርኔት ካወረዳችሁ በኋላ፣ ገጽታውንና ዋና ዋና ፕሮግራሞቹን ኢንተርኔት ሳይኖር መጫን ይቻላል። ለብዙዎቹ የክልል ትምህርት ቤቶች ወሳኙ ነጥብ ይኸው ነው። ቀድሞ ዴቢያን የዋይፋይ ካርዶችን አያውቅም እየተባለ ይወቀስ ነበር፤ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ለዚያ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ከመጫኛው ጋር ይመጣሉ። 13ኛው እትም የወጣው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሲሆን የረጅም ጊዜው ድጋፍ ሲጨመር አምስት ዓመት ይደገፋል።

ክፍተቱ ሲጫን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች መብዛታቸው ነው። ዲስክ ስለ መከፋፈል ሲጠይቅ ልጆች ይደነግጣሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጥያቄ መልስ በተርታ የጻፈ ደብተር ከኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጥ። ገጽታ ምረጡ ሲል ደግሞ ጂኖም የሚለውን ትታችሁ ኤልኤክስኪውቲን ወይም ኤክስኤፍሲኢን ምረጡ። እኛ ጂኖምን በባለ 2 ጊጋባይት ማሽን ላይ ጭነን ሁሉንም መልሰናቸዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቀለለ ሥርዓት የሚቆጥበው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፤ አንድ ዘመናዊ ድረ ገጽ ያንኑ በአንድ ትንፋሽ ይውጠዋል። ሥርዓቱ ቢቀልም ድረ ገጹ አይቀልም። ስለዚህ ራም ወይም ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ ትንሽም ቢሆን፣ መጨመር ከተቻለ ከማንኛውም የሥርዓት ምርጫ ይበልጣል።

ለ32 ቢት ማሽን፦ አንቲኤክስ፣ ወይም መለዋወጫ

በር እየተዘጋ ነው። ክሮም የሚባለው ብራውዘር በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ፋየርፎክስም ከ144ኛው እትሙ በኋላ ይህን ዓይነቱን ማሽን ትቶታል፤ የረጅም ጊዜ እትሙም ቢሆን ብዙ አይቆይም። ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒውተር መጫኛ የለውም። የቀረው በሰኔ 2015 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 12 ሲሆን የረጅም ጊዜ ድጋፉ በ2020 ዓ.ም. ያበቃል።

አንቲኤክስ የተሠራው በዴቢያን ላይ ሆኖ በ512 ሜጋባይት ራም እንኳን ይነሣል። ሥራው የሚደነቅ ነው። ከላይ የተናገርሁት፣ በሰኔ ባለቤት ያጣው ሥርዓትም እሱ ነበር። ጥፋቱ የሥርዓቱ አልነበረም፤ ገጽታውና ማስተካከያዎቹ ከለመድነው ስለሚለዩ የሚያውቀው ሰው ሲሄድ እውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ዛሬ አንቲኤክስን የምጭነው ለአንድ ሥራ ብቻ በሚቆም ማሽን ላይ ነው፦ ለጽሕፈት ልምምድ፣ ለታናናሾች በታክስ ፔይንት ለመሣል፣ ወይም በጂኮምፕሪ ፊደልና ቁጥር ለመለማመድ። ለኢንተርኔት አላስበውም። ከዚያ የቀረውን 32 ቢት ማሽን ፈትታችሁ ማስተማሪያ አድርጉት። ፕሮሰሰር የቱ እንደሆነ፣ ራም የቱ እንደሆነ በእጁ ነክቶ ያየ ልጅ በሥዕል ካየው በላይ ያስታውሳል።

አንድ ሰርቨር፣ ብዙ ዲስክ አልባ ኮምፒውተር

በእርዳታ በመጡ ኮምፒውተሮች ውስጥ ቀድሞ የሚሞተው ዲስኩ ነው። አንዳንዴም ለጋሹ ለምሥጢር ሲል ነቅሎ ያስቀረዋል። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ኤልቲኤስፒ የሚባል መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ፣ በ2019 ደግሞ እንደገና የተጻፈ ሥራ ሲሆን የግሪክ ትምህርት ቤቶች በስፋት ይጠቀሙበታል። አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ሰርቨር ይሆናል፤ ሌሎቹ ዲስክ ሳይኖራቸው በኔትወርክ ኬብል ሥርዓቱን ከእሱ ይቀበላሉ። ፕሮግራም የሚጫነው አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ላይ ነው። ተማሪው የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ የራሱን ፋይል ያገኛል። አንድ ማሽን ቢበላሽ ሌላ አምጥቶ ኬብሉን መሰካት ብቻ ነው።

ይህን ሲያነብ የብዙ ሰው ልብ ይነሣሣል፤ የእኔም ተነሣስቶ ነበር። ነገር ግን ሦስት ነገር ካልተሟላ አትጀምሩት። ሰርቨሩ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይኑረው። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊችና ኬብሉ በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ይሁን፤ በአሮጌው 100 ሜጋቢት ስዊች ሃያ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ሲነሣ ግማሽ ክፍለ ጊዜው በመጠበቅ ያልቃል። ሰርቨሩ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ዩፒኤስ የሚባል ባትሪ ይኑረው፤ መብራት ሲቆራረጥ የሰርቨሩ ዲስክ ከተጎዳ ክፍሉ በሙሉ ይዘጋል። በአዲሱ ኤልቲኤስፒ ፕሮግራሞቹ የሚሮጡት በተማሪው ማሽን ራምና ፕሮሰሰር ላይ ስለሆነ ማሽኑ ራሱ 2 ጊጋባይት ቢኖረው ጥሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በኖርዌይ የተጀመረው ስኮሌሊኑክስ፣ በሌላ ስሙ ዴቢያን ኤዱ፣ ይህን ሁሉ ከተማሪ መዝገብና ከመምህር መቆጣጠሪያ ጋር አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሙሉ ነው፤ ግን የራሱን የኔትወርክ አቀማመጥ ይፈልጋል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ቋሚ የኔትወርክ ባለሙያ ካለ ምረጡት። ሁሉም ነገር በተማሪ ክበብ ትከሻ ላይ ከሆነ አልመክርም።

ክሮምኦኤስ ፍሌክስ እና ኢንድለስ

ሁለቱ ሥርዓቶች ተቃራኒዎች ናቸው። ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ለመያዝ እጅግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ ሥራውም ያለ ኢንተርኔት ብዙ አይራመድም። መስመር በማይቋረጥበት ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ይሆናል። ምንጩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ስላልሆነም ልጆች ገልጠው የሚማሩበት ነገር ትንሽ ነው። ኢንድለስ ግን ኢንተርኔት ለሌለው ቦታ የታሰበ ነው። ሙሉው ቅጂ ኢንሳይክሎፒዲያና የትምህርት ፕሮግራሞች ጭኖ ይመጣል፤ የሥርዓቱ ሆድ ስለሚቆለፍ ተማሪ በቀላሉ አያበላሸውም። 4 ጊጋባይት ራምና ሰፊ ዲስክ ካላችሁ ለቤተ መጻሕፍት ጥግ እመርጠዋለሁ። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ከተፈለገ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይነበባል፤ ይህ ደግሞ በሚንትም በዴቢያንም ላይ ይሠራል።

ዊንዶውስን ጨርሶ እንጣለው?

አይደለም። መምህሩ የሚያስተምሩት በዎርድና በኤክሴል ከሆነ፣ ፈተናውም ስለ እነሱ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ማሽን ላይ ዊንዶውስ ይቆይ፤ ከኢንተርኔት ግን ይለይ። በቀሩት ላይ ሊብሬኦፊስ ይበቃል። በዊንዶውስ የተሠቃየንበትን አንድ ነገር ሳልናገር ግን አላልፍም፦ የሾርትከት ቫይረስን። ልጆች ከማተሚያ ቤትና ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ያመጡታል፤ ፋይላቸው ይደበቅና በቦታው የሐሰት ምልክት ይቀመጣል፤ «የቤት ሥራዬ ጠፋ» ብሎ ያለቀሰ ልጅ አይቻለሁ። ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ሰክተን የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ ስንለው የቤት ሥራው በቦታው ነበር። ያን ቀን ክበቡ አሥራ ሁለት አዲስ አባላት መዘገበ።

አማርኛ የማይጻፍበት ኮምፒውተር አይረከቡ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሊኑክስ አማርኛን ያሳያል። መጻፍ ግን ዝግጅት ይጠይቃል። አይባስ በሚባለው የአጻጻፍ መሣሪያ ላይ ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል ስትጨምሩ፣ ድምፁን በላቲን ቁልፍ ሲነኩት በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ ይመጣል። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የተባሉትን ፎንቶችም (የፊደል ቅርጾች) ጫኑ። ይህን በአንዱ ማሽን ላይ አዘጋጅታችሁ፣ ክሎንዚላ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎቹ ገልብጡት። ኢንተርኔት በሌለበት በየማሽኑ ከመልፋት ያድናል።

የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኞችም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዩኒኮድ ሳይሆን በአሮጌው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የፈተናና የደብዳቤ ፋይሎች ካሉ ሊኑክስ ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተጻፈበት ፎንት ስለሌለ ነው። እነዚያ ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ እስኪለወጡ ድረስ የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተር አትንኩት። በዚህ ምክንያት ርእሰ መምህሩ ቅር ከተሰኙ ክበቡ ክፍሉን ሊያጣ ይችላል።

ርክክቡ

ልጆች ይህን ኃላፊነት መሸከም እንደሚችሉ የሚጠራጠር ካለ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሚገኘው ፔን ማነር የትምህርት ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ 1,700 የሚያህሉ ሊኑክስ የተጫነባቸው ላፕቶፖች ሲያድል በጥገናው ጠረጴዛ የተቀመጡት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። በህንድ ኬራላ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በነፃ ሶፍትዌር ላይ በተመሠረተ ሥርዓት ያስተምራሉ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሊትል ካይትስ የሚባሉ የተማሪ ክበቦች አሏቸው።

በእኛ ክበብ አሁን በየግንቦቱ የምናደርገው አንድ ነገር አለ። የ12ኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ከመውጣታቸው በፊት አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር ሆን ብለን ባዶ እናደርጋለን። ፍላሹና ደብተሩ ለ10ኛ ክፍሎች ይሰጣል። ተመራቂዎቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ፤ መናገር ግን አይፈቀድላቸውም። ታናናሾቹ የሚሰናከሉበት መስመር ላይ ተመራቂዎቹ ደብተሩን ተቀብለው ያንን ገጽ እንደገና ይጽፉታል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ እንደገና ባዶ ይደረጋል።